የታመመ ልጅ ትምህርት ቤት ይሂድ ወይስ ቤት ይቅር? አማራጮቹን ለማመዛዘን የሚረዳ ንጽጽር

አንድ ሰኞ ጠዋት የ8 ዓመት ልጄን አንዱን ካልሲ አጥልቆ ሌላውን በእጁ እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አላለቀሰም፤ አመመኝም አላለም፤ ሁለተኛውን ካልሲ ለማጥለቅ ግን ጉልበት አጥቶ ወለሉን ትክ ብሎ ያያል። ትኩሳቱን ስለካው 37.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። የሥራ ሰዓቴ እየደረሰ ስለነበር ፓራሲታሞል ሰጠሁት፤ ከቆይታ በኋላ ደግሜ ስለካው 37.2 በማግኘቴ ተጽናናሁና ቦርሳውን አሸክሜ ላክሁት። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከትምህርት ቤቱ ተደወለ፤ ልጁ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ መተኛቱን፣ ትኩሳቱም 39 መድረሱን ነገሩኝ። የመድኃኒቱ ኃይል አልቆ ነበር፤ እኔ ግን መድኃኒቱ ያወረደውን ቁጥር የልጄ ጤንነት አድርጌ ወስጄው ነበር። ያን ጠዋት ልጄ ታሞ እየተንቀጠቀጠ ክፍል ውስጥ መቀመጡ ዛሬም ይቆጨኛል።

አብዛኞቻችን በጠዋቱ ጥድፊያ ውስጥ ራሳችንን የምንጠይቀው «ልጁ ታሟል ወይስ አልታመመም?» ብለን ነው። ይህ ጥያቄ ግን ወደ ውሳኔ አያደርስም፤ ምክንያቱም ጤነኛ የሚባል ትንሽ ልጅም በዓመት 6 ጊዜና ከዚያም በላይ ጉንፋን ሊይዘው ስለሚችል፣ ባነጠሰ ቁጥር የሚቀር ቢሆን የትምህርት ዘመኑን ትልቅ ክፍል ቤት ውስጥ ያሳልፍ ነበር። የሚበጀው ነገሩን በሦስት ጥያቄዎች መመዘን ነው። አንደኛው፣ ልጁ ቁጭ ብሎ ለመማር፣ ለመብላትና ለመጫወት የሚበቃ አቅም አለው ወይ? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሕመሙ ወደ ሌሎች ልጆች ይተላለፋል ወይ፣ የሚተላለፍ ከሆነስ የእርሱ መቅረት መተላለፉን በእርግጥ ይቀንሰዋል ወይ? ሦስተኛው ደግሞ መምህሩ ወይም መምህርቷ የቀሩትን ተማሪዎች ሳይተዉ ሊንከባከቡት ይችላሉ ወይ? ከሦስቱ በአንዱ እንኳ መልሱ ግልጽ ሆኖ ወደ «ይቅር» ካደላ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ምንም ቢሉ ልጁ ቢቀር ይሻላል።

አማራጮቹም ብዙ ጊዜ እንደሚመስለን ሁለት ብቻ አይደሉም። መላክ አለ፤ ማስቀረት አለ፤ በመካከላቸው ጥቂት ሰዓት ጠብቆ አርፍዶ መላክ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ነገር ትቶ በቀጥታ ወደ ሐኪም መውሰድ አለ። ከዚህ በታች ያሉት ንጽጽሮች አንድን ምልክት ከእነዚህ ከአራቱ ወደየትኛው እንደሚወስዱት ለመለየት የቀረቡ ናቸው።

ትኩሳት፦ ቁጥሩና ልጁ

በትኩሳት ረገድ የጤና መመሪያዎች በአብዛኛው ይስማማሉ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ያለው ልጅ ቤት ይቅር፤ የሚመለሰውም ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ርዳታ ከጠፋ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲሞላው ነው። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በጣም የምንዘነጋው «ያለ መድኃኒት» የሚለው ነው። ፓራሲታሞል ትኩሳትን የሚያወርደው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ሲሆን አይቡፕሮፌን ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል፤ ስለዚህ ጠዋት መድኃኒት ወስዶ የተላከ ልጅ ትኩሳቱ የሚመለስበት ከወላጁ ርቆ፣ በትምህርቱ መካከል ነው። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። መድኃኒት የሚሰጠው ልጁ እፎይ እንዲል እንጂ ለትምህርት እንዲበቃ አይደለም፤ ልኬቱም ሁልጊዜ ከመድኃኒቱ በፊት መሆን አለበት። አስፕሪን ግን ሐኪም ካላዘዘው በቀር ለልጅ ፈጽሞ አይሰጥም፤ በተለይ በኢንፍሉዌንዛና በጉድፍ ጊዜ አንጎልንና ጉበትን ከሚጎዳ፣ ብዙ ከማይታይ ግን አደገኛ ከሆነ ሕመም ጋር ይያያዛል።

ግንባርን በመዳፍ ዳስሶ መፍረድ ልማዳችን ቢሆንም፣ ከብርድ ልብስ ውስጥ ገና የወጣ ልጅ ጤነኛ ሆኖም ይሞቃል፤ እጃችን ቀዝቅዞ ከሆነም ያሳስተናል። ቴርሞሜትር ይሻላል። በብብት ሲለካ ቁጥሩ ከትክክለኛው የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ሊታይ እንደሚችል ማስታወስም ያስፈልጋል፤ በብብት 37.8 ያሳየ ልጅ ከ38 በታች ነው ብሎ መደምደም አያስተማምንም።

ከ37.5 እስከ 38 ባለው ክልል ውስጥ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ልጁን ማየት ይበልጣል። 37.7 ሆኖ ከእህቱ ጋር በአሻንጉሊት የሚጣላ ልጅና 37.7 ሆኖ ካልሲውን ማጥለቅ ያቃተው ልጅ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ጥቂት ጠብቆ ማየት ይቻላል፤ ሁለተኛው በግልጽ ይቀራል። ልጅ የለመደውን ነገር በመካከል ትቶ ሲቀመጥ፣ የሚወደውን ቁርስ ሲገፋ፣ ሳይጠሩት አልጋው ላይ ተመልሶ ሲተኛ፣ እነዚህ ከዲግሪው ቀድመው የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው። የቁጥሩ ከፍታም ብቻውን የሕመሙን ክብደት አይነግረንም፤ 39.5 ደርሶ ቀላል የቫይረስ ሕመም የሆነበት ልጅ አለ፤ 38.2 ሆኖ ብርቱ ሕመም የያዘውም አለ።

ወባ ባለበት አካባቢ ለሚኖር ልጅ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። ወባ በክፍል ውስጥ ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ ሆኖም ትኩሳት በታየ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ተመርምሮ ሕክምና መጀመር ስላለበት፣ ልጁ የሚቀረው ለሌሎቹ ሲባል ሳይሆን ለራሱ ሲባል ነው፤ የሚውለውም ቤት ሳይሆን ጤና ተቋም ነው።

ጉንፋንና ሳል፦ እጅግ የሚያወላውለው

ወላጅን ከሁሉ ይበልጥ የሚያወላውለው ይህ ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ የምንሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ተራ ጉንፋን ከሳምንት እስከ 10 ቀን ይቆያል፤ ሳሉ ግን ሌላው ምልክት ሁሉ ከጠፋ በኋላም 2 ወይም 3 ሳምንት ሊከርም ይችላል። «ሳሉ እስኪለቀው ይቅር» የሚል ወላጅ አንድ ወር ሊጠጋ የሚችል ጊዜ እየጠየቀ መሆኑን አያስተውልም። ደግሞም ልጁ ቫይረሱን አብዝቶ የሚያስተላልፈው ሕመሙ በጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ በኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን ቀድሞ ሊያስተላልፍ ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት የሚያስለውን ልጅ ማስቀረት ትምህርቱን ይጎዳል እንጂ ለክፍል ጓደኞቹ የሚጠቅመው ነገር ጥቂት ነው።

የኮሮና ወረርሽኝ ከበረደ በኋላ ይህንን ሚዛን ለማስተካከል የተደረጉ ጥረቶች አሉ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2023 መስከረም ወር ዋናው የሕክምና ኃላፊ ከሌሎች የሕክምናና የትምህርት መሪዎች ጋር ሆነው ባወጡት ደብዳቤ፣ ቀላል ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽ ወይም የጉሮሮ መከርከር ያለበትን ልጅ መላክ በአብዛኛው ተገቢ መሆኑን፣ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ግን መላክ እንደሌለበት ገልጸዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ2024 መጋቢት ወር ባሻሻለው መመሪያ፣ በመተንፈሻ ቫይረስ የታመመ ሰው ወደ መደበኛ እንቅስቃሴው የሚመለሰው ቢያንስ ለ24 ሰዓት አጠቃላይ ሁኔታው እየተሻለው ሲሄድና ያለ መድኃኒት ትኩሳት ሳይኖረው ሲቆይ ነው ብሏል። ሁለቱም የሚመዝኑት የሳሉን መኖር ሳይሆን የልጁን አጠቃላይ ሁኔታ ነው፤ እኔም ይህ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

የንፍጥ ቀለምም አያሳስተን። ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑ ብቻውን ባክቴሪያ መኖሩን አያሳይም፤ ተራ ጉንፋንም ከጥቂት ቀን በኋላ ንፍጡን ያወፍረዋል፣ ቀለሙንም ይለውጠዋል። ስለዚህ «አረንጓዴ ሆኗል» ብሎ ማስቀረትም ሆነ አንቲባዮቲክ ፍለጋ መሄድ ምክንያታዊ አይደለም።

ሳልን ከሳል መለየት ግን ይቻላል። አልፎ አልፎ ኳ ኳ የሚልና ልጁን ከጨዋታው የማያስቆም ሳል ለትምህርት አያግድም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል ያደረ ልጅ ግን ሳሉ ራሱ ቀላል ቢሆን እንኳ እንቅልፍ አጥቷልና ከክፍል ገብቶ የሚማረው የለም፤ ጠዋት ተኝቶ ከረፈደ በኋላ ቢሄድ ወይም ቀኑን ቢያርፍ ይጠቅመዋል። ትንፋሽ እስኪያጥረው ተከታትሎ የሚያስል፣ በመጨረሻው አየር ሲስብ የሚያጓራ ወይም የሚያስመልስ ልጅ ትክትክ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ትምህርት ቤት አይሄድም፤ ሐኪም ይየው። ሲተነፍስ ደረቱ የሚያፏጭ ልጅ፣ በተለይም አስም ያለበት፣ ሌላውን ባያስይዝም አተነፋፈሱ እስኪስተካከል ድረስ ከዓይን አይራቅ።

ማስመለስ፣ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት

በሆድ ሕመም ላይ መመሪያዎች የሚለያዩት በሰዓቱ ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ማስመለሱና ተቅማጡ ከቆመ 24 ሰዓት ይበቃል ይላሉ፤ በብሪታንያ የሚሠራበት ግን 48 ሰዓት ነው። እኔ 48ቱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የዚህ ዓይነቱ ሕመም ተደጋጋሚ መንስኤ የሆነው ኖሮቫይረስ ጥቂት ቅንጣት በቅቶት የሚተላለፍ ከመሆኑም በላይ፣ ሰው ከተሻለው በኋላም ለቀናት ከሰገራው ጋር ይወጣል። በጋራ መጸዳጃ ቤት፣ ሳሙና በሚያልቅበት ሰዓት፣ አንድ ልጅ ብዙዎችን ሊያስይዝ ይችላል። በአልኮል የተሠራው የእጅ ማጽጃም ይህን ቫይረስ በደንብ አይገድለውም፤ እጅን በሳሙናና በውሃ መታጠብ ይመረጣል። መቅረት ለክፍል ጓደኞች በእርግጥ ከሚጠቅምባቸው ሕመሞች አንዱ ይህ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ መሳሳት ካለብን ወደ ማስቀረቱ አድልተን ብንሳሳት ይሻላል።

ሆኖም ሁሉም ማስመለስ አንድ አይደለም። በሳል መካከል አንድ ጊዜ አክታ ያስመለሰ፣ ወይም መኪና ውስጥ ዞሮበት ያስመለሰ ልጅ ወዲያው ቀልቡ ከተመለሰና ከበላ፣ የሆድ ተላላፊ ሕመም ካለበት ልጅ ጋር አይቆጠርም። በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ያስመለሰ ግን ይቅር። ቤት በሚውልበት ቀን ዋናው ሥራ የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው፤ በፓኬቱ ላይ እንደተጻፈው በንጹህ ውሃ የተበጠበጠ ኦአርኤስ (የጨውና የስኳር ዱቄት) በትንሽ በትንሹ፣ በማንኪያም ቢሆን፣ ቶሎ ቶሎ መስጠት ይገባል።

«ሆዴን አመመኝ» የሚለው ልጅ፣ ትኩሳትም ማስመለስም ተቅማጥም ከሌለው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት ይሂድ፤ ውሃ ይጠጣ፤ ጥቂት ይቅመስ። ሕመሙ እሑድ ማታ እየጀመረ ቅዳሜ የማይታይ፣ በዕረፍት ወራት የሚጠፋ ከሆነ፣ ልጁ ዋሽቷል ብሎ ከመቆጣት በፊት ምን እንዳስጨነቀው በለሆሳስ መጠየቅ ይበጃል። ጭንቀት ያመጣው የሆድ ቁርጠት ለልጁ እውነተኛ ቁርጠት ነው። ከክፍሉ ውስጥ የሚያስፈራራው ልጅ፣ ያልገባው ትምህርት፣ የፈራው ፈተና ሊኖር ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ማስቀረት ለዕለቱ ያስታግሳል፤ ፍርሃቱን ግን ለነገው ያጠነክረዋል። ስለዚህ ልጁን ይዞ መሄድና ከመምህሩ ጋር በዚያው ቀን መነጋገር ከማስቀረት ይሻላል። ሐኪም የሚያስፈልገው ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው፣ ክብደት የሚያስቀንሰው ወይም ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ ወርዶ እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ነው።

ቀናቸው የተቆረጠ ሕመሞች

አንዳንዶቹ ሕመሞች ለማመዛዘን ቦታ የላቸውም፤ የመቅሪያ ጊዜያቸው የታወቀ ነው። የኩፍኝ ታማሚ ሽፍታው ከወጣ 4 ቀን እስኪያልፍ ይቀራል። ኩፍኝ ካልተከተቡትና ቀድሞ ካልያዛቸው ልጆች መካከል ከታማሚው ጋር ከቀረቡት 10 ልጆች እስከ 9 የሚሆኑትን ሊይዝ ይችላል፤ ቫይረሱም ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል፤ በዚህ ላይ ለድርድር የሚሆን ነገር የለም። በጉድፍ የተያዘ ልጅ ውሃ የቋጠሩት እብጠቶች ሁሉ ደርቀው ቅርፊት እስኪያበጁ ይጠብቃል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን ያህል ነው። ለጆሮ ደግፍ እብጠቱ ከጀመረ በኋላ 5 ቀን፣ ለሄፓታይተስ ኤ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በኋላ 7 ቀን ይቆጠራል። በባክቴሪያ የመጣ የቶንሲል ሕመም አንቲባዮቲክ ከተጀመረ 24 ሰዓት ሲሞላውና ትኩሳቱ ሲጠፋ ይመለሳል፤ መድኃኒቱ ግን ልጁ ቢሻለውም እስከታዘዘበት ቀን ድረስ መወሰድ አለበት። ትክትክ ሕክምና ካልተጀመረለት እስከ 21 ቀን ያስቀራል፤ ከተጀመረለት እንደ አገሩ መመሪያ ከ2 እስከ 5 ቀን ይበቃል። እከክ ከመጀመሪያው የቅባት ሕክምና በኋላ ይመለሳል።

በአንጻሩ ልጆች ያለበቂ ምክንያት የሚባረሩባቸው ሕመሞች አሉ፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። የራስ ቅማል ያሳክካል እንጂ በሽታ አያስተላልፍም፤ ልጁ ቀኑን ጨርሶ ማታ ቤቱ ቢታከም ይበቃል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በቅማል ምክንያት ጤነኛ ልጅ ከትምህርት መቅረት የለበትም ይላል። በጓደኞቹ ፊት ከክፍል የወጣ ልጅ እፍረቱ ከቅማሉ ይልቅ ይቆያል። ዓይኑ ቀልቶ ዓይናር ያለበት ልጅ፣ ሕመምና የማየት ችግር እስከሌለው ድረስ፣ እጁን እየታጠበ መማር ይችላል። ጉንጭን በጥፊ እንደተመታ የሚያቀላው የቫይረስ ሽፍታ በወጣ ጊዜ መተላለፉ አልፏል፤ ማስቀረቱ ለማንም አይጠቅምም፤ ነፍሰ ጡር መምህርት ካሉ ግን ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ መንገር ያስፈልጋል።

ጥቂት ሰዓት ጠብቆ ማየት

ይህ አማራጭ የሚረሳው ትምህርት ቤቶች ማርፈድን ስለማይወዱ ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት መጠበቅ ብዙ ጥርጣሬን ይፈታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ትኩሳቱ ከወጣ ይወጣል፣ ሆዱም ወይ ይረጋል ወይ ይገለበጣል። መድኃኒት ሳይሰጥ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ሳይከፈት፣ በጸጥታ አልጋው ላይ ይቆይ፤ እውነት የታመመ ልጅ ይተኛል፤ የደከመው ብቻ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነስቶ የሚያደርገውን ያጣል። ችግሩ ሁሉም ወላጅ ሁለት ሰዓት የሚጠብቅበት ሥራ የሌለው መሆኑ ነው። የቀን ደመወዙ የሚቀርበት ወላጅ ልጁን የሚልከው ጨክኖ አይደለም። ልጅ ሲታመም ማን እንደሚይዘው ከአያት፣ ከአክስት ወይም ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገር፣ ውሳኔው በልጁ ሁኔታ ላይ እንጂ በሥራ ሰዓታችን ላይ እንዳይመሠረት ይረዳል።

ወደ ሐኪም የሚያስሮጡ ምልክቶች

ልጁ መጠጣት ካልቻለ፣ የቀመሰውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠና ራሱን ከሳተ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ከተዝለፈለፈ፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ስለ ትምህርት ቤት ማሰብ አያስፈልግም፤ ወዲያው ወደ ሕክምና ይወሰድ። አንገቱ ደርቆ አገጩን ወደ ደረቱ ማድረስ ያቃተው፣ ብርሃን ያስጠላው ልጅ የማጅራት ገትር ሥጋት አለበት። ሽፍታ ካለም የብርጭቆ ጎን በላዩ ጫን አድርጎ ማየት ይቻላል፤ ሲጫኑት የማይደበዝዝ ሽፍታ ከትኩሳት ጋር ከታየ አንድ ሰዓትም አይጠበቅም። ለረጅም ሰዓት ሽንት ያልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ የማይወጣው፣ ዓይኑ የጎደጎደ ልጅ ፈሳሽ አልቆበታል።

የሚመለስበት ቀን

ልጁ ሲመለስ ለመምህሩ ሦስት ነገር በአጭሩ መጻፍ ይጠቅማል፦ ሕመሙ ምን እንደነበር፣ ትኩሳቱ መቼ እንደጠፋ፣ በትምህርት ሰዓት የሚወስደው መድኃኒት ካለ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ። ተላላፊ ሕመም ከነበረ አለመደበቅ የሌላ ሰው ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል፤ በዚያው ክፍል ውስጥ የካንሰር ሕክምና የሚከታተል ወይም የመከላከል አቅሙ የደከመ ልጅ ሊኖር ይችላልና። ከትኩሳት የተነሳ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ቶሎ ስለሚደክመው ከስፖርት ክፍለ ጊዜው እንዲያርፍ መጠየቅ፣ ውሃ መያዣውን ሞልቶ መስጠት፣ ቀን ላይ የሚያነሳ ሰው ያለበትን የስልክ ቁጥር ከደብተሩ ጀርባ ላይ በጉልህ መጻፍ አይረሳ።